ኮከቡን ትተው ምጣዱን ይዩ

ባለፈው ወር በዚህ ዓምድ ስለ በርገር ሁለት መስመር ብቻ ጽፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጡት ደብዳቤዎች ሌላውን ርዕስ ሁሉ አስጣሉኝ። ደስ ብሎኛል። በርገር ቤት ውስጥ ምጣድ ፊት ስድስት ዓመት ቆሜያለሁ። ሥራውን ከተውኩ በኋላም አዲስ ከተማ በገባሁ ቁጥር ሻንጣዬን አስቀምጬ የምወጣው በርገር ቤት ፍለጋ ነው። ስለዚህ ዛሬ ሌላ ጥያቄ አናነሳም።

ጥያቄ፦ ወደ ትልቅ ከተማ ከመጣሁ ሦስት ወሬ ነው። በርገር በጣም እወዳለሁ። ስልኬ ላይ ስፈልግ አራት ነጥብ ምናምን ኮከብ ያላቸው ቤቶች ይደረደራሉ፤ ሁሉም «ምርጥ» ናቸው። አምስቱን ሞክሬ አንዱም ልቤ ላይ ጠብ አላለም። ከየት ልጀምር?
— አዲስ ገቢው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮከቡ ስለ በርገሩ ብቻ አይደለም የሚነግርህ። ሰው ኮከብ የሚሰጠው ለአስተናጋጇ ፈገግታ ነው፣ ለመብራቱ ነው፣ ለሙዚቃው ነው፣ ከጓደኛው ጋር ላሳለፈው ምሽት ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ቁጥር ይሆናል። አንተ የምትፈልገው ግን ስለ ስጋውና ስለ ዳቦው የሚያወራ ሰው ነው።

የደረሰብኝን ልንገርህ። አንድ ጊዜ በማላውቀው ከተማ በዝርዝሩ አናት ላይ የነበረውን ቤት መርጬ ሄድኩ። ሃምሳ ደቂቃ ተሰለፍኩ። በርገሩ እንጨት ተሰክቶበት እንደ ግንብ ቆሞ መጣ። ስጋው ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ነበር። ግማሹን ሳልጨርስ የታችኛው ዳቦ ረጥቦ ተበጣጥሶ እጄ ላይ ቀረ። ከፍዬ ወጣሁ።

ሁለት መንገድ እንደተሻገርኩ ብረት በብረት ሲፋቅ ሰማሁ። ያንን ድምፅ አሳምሬ አውቀዋለሁ። አንድ ሰው ምጣዱን ከቀጣዩ ትዕዛዝ በፊት እያጸዳ ነው። ቆምኩ። ስምንት መቀመጫ ያላት ጠባብ ቤት ናት። ግድግዳው ላይ የተጻፈው ምግብ አራት መስመር ብቻ ነው። ጠግቤ ነበር፤ ቢሆንም ገብቼ ባንኮኒው ጋ ተቀመጥኩና አንድ ቺዝበርገር አዘዝኩ።

ጠባሹ እንቁላል የሚያክል የተፈጨ ስጋ ድቡልቡል ከፍሪጅ አወጣ። ጋለ ያለው ብረት ላይ አስቀመጠው። ወረቀት ጣል አድርጎበት በመጫኛ ብረት ደፈጠጠው። እስከ አስር እየቆጠረ ይመስል ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ያዘውና ለቀቀው። ጨው ነሰነሰ። ከዚያ አልነካውም። ዳር ዳሩ እየሳሳ፣ እየተበሳሳ፣ እንደ ጥልፍ ዳንቴል ሆነ። ላዩ ላይ ወዙ ነጠብጣብ ነጠብጣብ እያለ ሲወጣ ስለታም መፋቂያውን አጋደም አድርጎ ከስሩ አስገባና አንዴ ገፋው። የተነሳው ስጋ ብቻ አልነበረም፤ ምጣዱ ላይ የተጣበቀችው ቡናማ ቅርፊት ሳትቀር አብራ ተነሳች። ገለበጠው። ቺዙን ጫነበት። ጎን ላይ ዳቦው በቅቤ ፊቱን ደፍቶ እየተጠበሰ ነበር። ሁሉንም ደራርቦ በወረቀት ጠቀለለና አንድ ደቂቃ ያህል አስቀመጠው። ከዚያ ሰጠኝ። የመጨረሻው ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ጣፈጠኝ።

ቤቷን በስልክ ፈለግኳት። ኮከቧ ከዚያኛው ያንስ ነበር። አስተያየቶቹን ሳነብ አብዛኛው ቅሬታ ስለ መቀመጫ ጥበት ነው።

አሁን ወዳንተ ልመለስ። ስልኩን አትጣለው፤ አጠቃቀሙን ቀይረው። አስተያየቶቹን በቅርብ ጊዜ ቅደም ተከተል ደርድራቸው። ጠባሽ ሲቀየር በርገር ይቀየራል፤ ከሁለት ዓመት በፊት የተጻፈ ሙገሳ ዛሬ ምጣዱ ፊት ስላለው ሰው ምንም አይነግርህም። አምስት ኮከቡንም አንድ ኮከቡንም እለፋቸው። ሦስት የሰጡትን አንብብ። እነሱ የወደዱትንም ያልወደዱትንም ለይተው ይጽፋሉ። ቤቱ ራሱ የለጠፈውን ፎቶም ተወው። ደንበኛ በስልኩ ያነሳውን፣ በተለይ የተገመጠ ወይም ለሁለት የተቆረጠ በርገር ፎቶ ፈልግ። የስጋውን ዳር እየው። ጠቆር ያለ ቡናማ ነው ወይስ ግራጫ? የታችኛው ዳቦ ቆሟል ወይስ ተልፈስፍሷል? እነዚህ ሁለቱ ከመቶ አስተያየት በላይ ይነግሩሃል።

ከዚያ አራት ቤት ምረጥ፤ አይብዙ። በአራቱም አንድ ዓይነት ነገር እዘዝ፦ ተራውን ቺዝበርገር። እንጉዳይ፣ እንቁላልና አምስት ዓይነት ሶስ የተጫነበትን አይደለም። የስጋ ጉድለት የሚሸፈነው በሶስ ነው። ተራው በርገር የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ሁሉም ጋ በተመሳሳይ ሰዓት ሂድ፤ ቤቱ ሞቅ ሲል፣ ግን ሰልፉ በር ሳይወጣ። ጭር ባለ ቤት ቀድሞ ተጠብሶ የተቀመጠ ስጋ ሊቀርብልህ ይችላል። በጣም ሲጨናነቅ ደግሞ ጠባሹ ምጣዱ እስኪግል አይጠብቅም።

እኔ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር ይዣለሁ። የምጽፍበት ጥቂት ነገር ነው፦ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ዳቦው መጠበስ አለመጠበሱን፣ የስጋውን ዳር፣ የመጨረሻዋ ጉርሻ እንዴት እንደነበረች። የመጀመሪያው ጉርሻ ርሃብ ስላለበት ይሸነግላል። የመጨረሻው ላይ ስጋው ቀዝቅዟል፣ ዳቦው የያዘውን ወዝ ይዟል። አንድ ቤት የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ስማሽ በርገር የሚሉት ስስ ስጋና ወፍራሙ በርገር ልዩነታቸው ውፍረት ብቻ ነው? ቤት ስሞክር ስጋውን በመገልበጫ ስጫነው ይደርቅብኛል። እነሱ ሲጫኑት ለምን አይደርቅም?
— ቤቷ የምትሞክረው

መልስ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ውስጥ መልሱ አለ። ልዩነቱ የምትጫኚበት ሰዓት ነው። ስጋው ምጣድ ላይ በወደቀ በመጀመሪያው ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ውስጡ ገና ቀዝቃዛ ነው። ስቡም አልቀለጠም። ያኔ ብትጫኚው የሚፈስ ነገር የለም፤ ስጋው ይለጠጣል እንጂ። ሁለት ደቂቃ ቆይተሽ ስትጫኚው ግን የቀለጠው ስብና ውሃው እንደ ስፖንጅ ተጨምቆ ይወጣል። ያ ጭስስ የሚለው ድምፅ ለጆሮ ደስ ይላል፤ የምትሰሚው ግን የበርገርሽ ወዝ ሲያልቅ ነው። በርገር ቤት ተቀምጠሽ ጠባሹ ግማሽ የበሰለ ስጋ ሲጫን ካየሽው፣ ሌላ ነገር እዘዢ።

የመጫኑ ጥቅም ምንድነው? ስጋ ሲጠበስ ቡናማ የሚሆነውና ያ ሽታ የሚመጣው ከፕሮቲን የሚገኙት አሚኖ አሲዶች ከስኳር ጋር በሙቀት ሲዋሃዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ይህን የገለጸው ሉዊ ካሚል ማያር የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ነበር፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ፈጠን ብሎ የሚሠራው ከ140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጀምሮ ነው። ውሃ ደግሞ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ስለዚህ የስጋው ፊት እርጥብ እስከሆነ ድረስ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ስጋው ሲደፈጠጥ ከጋለው ብረት ጋር በየቦታው ይገናኛል፣ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ቅርፊቱ ቶሎ ይሠራል። ስማሽ በርገር ማለት ቅርፊቱ ነው።

ወፍራሙ ሌላ ምግብ ነው። እሱ ውስጥ የምትፈልጊው የስጋ ጣዕምና ወዝ ነው። አፍ ውስጥ ፍርክስ ማለት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ሲድቦለቦል በኃይል መጨመቅ የለበትም። ጎበዝ ጠባሽ መሃሉን በአውራ ጣቱ ጎድጎድ ያደርገዋል፤ ዳሩ ሲኮማተር መሃሉ እንዳያብጥ ነው። ለሁለቱም ስቡ ከመቶ ሃያ እጅ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ ምንም ቢደረግ ይደርቃል።

ጨውን በተመለከተ፦ ልክ ከመጠበሱ በፊት ወይም ምጣድ ላይ እንዳለ ላይ ላዩን ነው የሚነሰነሰው። ስጋው ውስጥ ቀድሞ ከታሸ የስጋውን ፕሮቲን ያሟሟና እርስ በርስ ያጣብቀዋል። ስትገምጪው እንደ ቋሊማ ጠንከር፣ ለጠጥ ይላል። በብዙ ቤት ያጋጠመኝ ጥፋት ይህ ነው፤ ሰው ግን «ስጋው ጥሩ አይደለም» ብሎ ያልፈዋል። ስጋው ጥሩ ነበር።

ጥያቄ፦ የሁለት ትንንሽ ልጆች አባት ነኝ። አንድ የተመሰገነ ቤት ወስጃቸው በርገሩ መሃሉ ሮዝ ሆኖ መጣ። አስተናጋጁ «እንዲህ ነው የሚበላው፣ ስቴክም እንደዚያው ነው» አለኝ። እውነት ነው?
— የሁለት ልጆች አባት

መልስ፦ ጌታዬ፣ አይደለም። እዚህ ላይ ጣዕምን ለጊዜው እንተወው።

ስቴክ ድፍን ስጋ ነው። ባክቴሪያ ቢኖርበት ብዙውን ጊዜ ላዩ ላይ ነው፤ ፊቱ ሲጠበስ ይሞታል። ስጋ ሲፈጭ ግን ላዩ ወደ ውስጥ ይገባል። ላዩ ላይ የነበረው ሁሉ መሃል ድረስ ይደባለቃል። ለዚህ ነው የተፈጨ የበሬ ስጋ መሃሉ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት የሚባለው። ኢ ኮላይ ከሚባለው ባክቴሪያ አንዳንዱ ዝርያ በትንንሽ ልጆች ላይ ኩላሊት እስከ መጉዳት ይደርሳል። ለእርጉዝና ለአረጋዊም እንደዚሁ መጠንቀቅ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቀለሙን አይመኑ። የተፈጨ ስጋ በቂ ሙቀት ላይ ሳይደርስ ቡናማ ሊሆን ይችላል። በደንብ በስሎም ሮዝነቱ የማይለቅ አለ። እርግጡን የሚናገረው ከጎን በኩል እስከ መሃል የሚሰካ ቴርሞሜትር ብቻ ነው። ምጣድ ፊት በነበርኩ ጊዜ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር የሚቀመጠው። ለልጆችዎ ሲያዝዙ «በደንብ ይብሰልልኝ፣ ብትለካውም ደስ ይለኛል» ይበሉ። ይህን ሲሰማ ፊቱን የሚያጠቁር ቤት ዳግም አይሂዱ። ስሱ በርገር ደግሞ እስከ መሃሉ ስለሚበስል ለልጆች ይመቻል፤ እኔ ብሆን እሱን አዝላቸው ነበር።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሰው ቤት ገብቶ ስለ ኩሽና መጠየቅ ነውር አይሆንም? ጓደኞቼ «አታሳፍረን» ይሉኛል። ደግሞስ በርገር ላይ የሚጫነው ቢጫ ስስ ቺዝ ርካሽ ነገር አይደለም?
— ይሉኝታ የያዘው

መልስ፦ ነውር የለበትም፤ አጠያየቁ ነው። «ስጋችሁ የስንት ቀን ነው?» ካልክ ክስ ይመስላል። «ስጋውን እዚሁ ነው የምትፈጩት?» ብለህ በፈገግታ ጠይቅ። እዚያው የሚፈጩ ሰዎች ይህን ጥያቄ ይወዱታል። የትኛውን ብልት ከየትኛው እንደሚቀላቅሉ ሳትጠይቃቸው ይነግሩሃል። እኔ እንዲህ ጠይቄ ኩሽና ገብተህ እይ የተባልኩባቸው ቤቶች አሉ። መልሱ «እንጃ፣ በካርቶን ነው የሚመጣው» ከሆነም በቃ አውቀሃል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1921 አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ ከተማ የተከፈተው ዋይት ካስል የተባለ በርገር ቤት ትንንሽ በርገሮችን በአምስት ሳንቲም ይሸጥ ነበር። በዚያን ጊዜ ሰው የተፈጨ ስጋ ይፈራል፤ ውስጡ ምን እንደተቀላቀለ አይታወቅማ። ባለቤቶቹ ቤቱን ነጭ በነጭ አደረጉት። ምጣዱንም ደንበኛው ከተቀመጠበት ሆኖ እንዲያየው አደረጉ። ሰው እያየ አመነ። አንተም ምጣዱ የሚታይበት ቦታ ተቀመጥ፤ ግማሹን ጥያቄ ሳትጠይቅ ትመልሰዋለህ። ስጋው ከፍሪጅ ወጥቶ ስንት ጊዜ ይቆያል? ምጣዱ በየመሃሉ ይፋቃል? ጥሬ ስጋ በነካ እጅ ዳቦ ይነካል? ጓደኞችህ ምንም አይሰሙም።

ስለ ቺዙም ጠይቀኸኛል። ቢጫው ስስ ቺዝ ርካሽ ነገር ነው ብለህ አትናቀው። አሜሪካ ውስጥ ቺዝ ይነግድ የነበረው ጄምስ ክራፍት ለእንዲህ ዓይነቱ ቺዝ አሠራር የባለቤትነት መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1916 ነው። ውስጡ የሚገባው ልዩ ጨው (የገበታው ጨው አይደለም) ቺዙ ሲቀልጥ ዘይቱና ውሃው እንዳይለያዩ ያደርጋል። ለዚህ ነው እንደ ሶስ ስጋው ላይ የሚለጠፈው። ቼዳር የሚባለው ቺዝ ብዙ ከቆየ ጣዕሙ ይበልጣል፤ በጣም ከሞቀ ግን ዘይቱ ይለያል። ቤቱ የትኛውን መረጠ የሚለው ሳይሆን ቺዙ ቀልጦ መጣ ወይ የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

ጥያቄ፦ ስጋ አልበላም። ጓደኞቼ በርገር ቤት ሲሄዱ ሁልጊዜ ድንች ጥብስ ብቻ በልቼ እመለሳለሁ። ለእኔ የሚሆን ቤት በምን አውቃለሁ?
— ድንች የሰለቻት

መልስ፦ ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ከባቄላ፣ ከምስር ወይም ከእንጉዳይ ቤቱ ራሱ የሚሠራው ነው። ሌላው ስጋ እንዲመስል ፋብሪካ የሚያዘጋጀው፣ ከአተር ወይም ከአኩሪ አተር ፕሮቲን የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ቤት ለቤት ብዙም አይለያይም። ቤቱን የምትለዪው በመጀመሪያው ነው። ራሳቸው የሚሠሩት ከሆነ አስበውልሻል ማለት ነው። ስትገምጪው እንደ ገንፎ ከዳቦው ጎን የሚወጣ ከሆነ ግን አልተሳካላቸውም። አንድ ነገር ሳትጠይቂ አትዘዢ፦ የሚጠበሰው ስጋ በሚጠበስበት ምጣድ ላይ ነው? ብዙ ቦታ መልሱ «አዎ» ነው። ድንቹም በምን ዘይት እንደሚጠበስ ጠይቂ፤ አንዳንድ ቤት በበሬ ሞራ ይጠብሳል።

ጥያቄ፦ ቤት ድረስ የሚያመጡልኝ በርገር ሁልጊዜ ረጥቦ ነው የሚደርሰው። የትኛው ቤት ይሻላል?
— ከሥራ የማይወጣው

መልስ፦ ቅርቡ። ትኩስ በርገር በተዘጋ ሳጥን ውስጥ በራሱ እንፋሎት ይታጠናል፤ ቅርፊቱ ይለሰልሳል፣ ዳቦው ይረጥባል። ምርጡ ቤት በሩቅ ካለ፣ መካከለኛው ቅርብ ካለ፣ ቅርቡን እዘዝ። ሶሱንና ቲማቲሙን ለብቻ አድርጉልኝ በል። ደህና ቤት የድንቹን ሳጥን በስቶ ይልካል። ሰዓት ስታገኝ ግን እዚያው ሄደህ ብላ።

ጥያቄ፦ አባቴ ጥርሱ ብዙ ስለሌለ ውጭ መብላት ትቷል። ሰሞኑን ቴሌቪዥን ላይ በርገር አይቶ «ይህን አልቀመስኩም» አለኝ። ልወስደው እፈልጋለሁ፤ ግን ተቸግሮ እንዳያፍር እሰጋለሁ። ምን ዓይነት ቤት ልምረጥ?
— የአባቷ ልጅ

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ወፍራሙን እርሺው። ስሱንም ቢሆን ዳሩ ደርቆ የሚንኮሻኮሽበት ቤት አትውሰጂው። የሚመቸው ስሱ ስጋ ከሽንኩርት ጋር አብሮ የሚጠበስበት ዓይነት ነው። ሽንኩርቱ እንደ ወረቀት ሳስቶ ይከተፍና ስጋው ላይ ተጭኖ አብሮ ይደፈጠጣል። ሲበስል ይለሰልሳል፣ ይጣፍጣል፣ ለስጋውም እንፋሎት ይሰጠዋል። ዳቦው ለስላሳ፣ ፊቱ ብቻ በቅቤ ሞቅ ያለ ይሁን። ብሪዮሽ (ቅቤና እንቁላል የበዛበት ለስላሳ ዳቦ) ወይም ድንች የገባበት ዳቦ ካላቸው እሱን ምረጪ፤ ጠንካራ ቅርፊት ያለው አይሁን። ቺዙ ይኑር። ሰላጣውና ጥሬ ሽንኩርቱ ይቅር።

ቤቱን ብቻሽን ቀድመሽ ሄደሽ እዪው። ያንኑ በርገር እዘዢና ፊት ጥርስሽን ሳትጠቀሚ ለመብላት ሞክሪ። ካስቸገረሽ ሌላ ቤት ፈልጊ። ወንበሩ መደገፊያ ይኑረው፤ ከፍ ያለ መቀመጫ አይሁን። ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል ውሰጂው፤ በዚያ ሰዓት ስጋው በትዕዛዝ መጠበሱን ግን አረጋግጪ። ስታዝዢ ለጠባሹ ቀስ ብለሽ «ለአባቴ ነው፣ ለአራት ቁረጥልኝ» በይው። የራስሽንም ለአራት አስቆርጪ፤ ሁለታችሁም አንድ ዓይነት ትበላላችሁ።

ምን እንዳለ ጻፊልኝ።